የጥምጥሙ ሌላኛው ጫፍ

«አየሽልኝ?» አለች ቻኖ፣ የሻይ ኩባያውን አፏ ላይ ከልላ። «ዛሬም አልፈታችውም!»

«ምኑን?»

«ጥምጥሟን ነዋ፣ ምኑን ትላለች ደግሞ! ባሏ ማስተር የሞተ ቀን ያሰረችው ነው ያው። በግራ በኩል ካውያ የነካው ይመስላል፣ በቀኝ በኩል ጥጃ ያኘከው። ነሲብ ካውር እኮ ናት! ሌላ ሰው ቢሆን እኔ ምን አገባኝ።»

ቻኖ ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት ናት፤ አንሾካሾክኩ ብላ ስታወራ ሁለት ግቢ ይሰማታል። ለቅሶ ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ነጭ ሻሻቸውን ሳብ አድርገው በቆረጣ ወደ ባለ ለቅሶዋ አዩ። ነሲብ ካውር ግድግዳውን ተደግፋ ጉሙን ታያለች። ሰምታለች፤ እንዴት አትሰማ።

ቻኖ እውነቷን ነው። በእኛ መንደር ሴቱ ሁሉ ሻሽ ነው የሚያደርገው። የእምነታችንን የቃል ኪዳን ውሃ፣ አምሪትን ጠጥታ፣ ትንሿን ሰይፍ በጎኗ ታጥቃ፣ እንደ ወንድ ጥምጥም የምታስር ነሲብ ካውር ብቻ ናት። ያንን ቃል የገባ ሰው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ፀጉሩን አበጥሮ ጥምጥሙን እንደ አዲስ ያስራል እንጂ፣ እንደ ድስት ክዳን ማታ አንስቶ ጠዋት አይደፋውም። እሷ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም ነበር። ጥቁር ሰማያዊ ጥምጥሟ፣ እጥፉ በእጥፉ ላይ ልክ ልኩን ይዞ ሲታይ፣ ለሠርግ የሚዘጋጁ ወጣቶች እንኳን «እማማ፣ ማን ነው የሚያጥፍልሽ?» ይሏት ነበር። ይኸው አሁን ባሏ ከሞተ ወዲህ ተጨማዶ አናቷ ላይ ተቀምጧል። ለምን ብሎ ደፍሮ የጠየቃት የለም።

የሚጠይቋት ሌላ ነገር ነው። ያን ዕለት ጠዋት ከሩቅ መንደር አንዲት አሮጊት ዘመዷ መጡ። ደጅ ላይ ደረታቸውን መቱ፣ አቅፈው አለቀሱ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና፣

«ነፍሱ ስትወጣ ማን ነበር አጠገቡ?» አሉ።

«እኔ ነበርኩ።»

«ሌላ ሰውስ?»

«ማንም።»

አሮጊቷ ጠጋ አሉ። «እንግዲያው ንገሪኝ ልጄ። በመጨረሻዋ ሰዓት የፈጣሪን ስም ጠራ? ዋሄጉሩ አለ?»

ቻኖ እንኳን ኩባያዋን አስቀመጠች።

«ሻዩ እየቀዘቀዘብዎት ነው እናቴ» አለች ነሲብ።

ማስተር ገጅን ሲንግ ዕድሜውን ሙሉ ፈጣሪ የለም እያለ የኖረ ሰው ነው። ደግሞ በሹክሹክታ አይደለም፤ ጸሎት ቤታችን ጉርድዋራው በር ላይ ቆሞ፣ ታላቅ ወንድሙ ባቺተር ሲንግ የጉርድዋራው ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ እየሰማው። የመንደሩን ልጆች ሳይንስ ያስተማረ እሱ ነው። አንድ ጊዜ በፍም ላይ በባዶ እግሩ የሚሄድ አዋቂ መጣ ተብሎ አገር ተሰበሰበ። አዋቂው ፍሙን ተሻግሮ እጁን ወደ ሰማይ ሲዘረጋ፣ ማስተር ጫማውን አውልቆ ከኋላው ተራመደ። ተሻገረና ዞሮ ለተማሪዎቹ፣ «ምስጢሩ ቶሎ ቶሎ መራመድ ነው፤ መቆም ብቻ ነው ክልክሉ» አላቸው። አዋቂው በዚያው ወጣ፤ ቂጣም አልቀመሰ። እኛ ዛሬም ስናስታውሰው እንስቃለን።

ሲሞት ደግሞ በቃሉ መሠረት ዓይኑም አካሉም ለሐኪሞች ትምህርት ቤት ተሰጠ። እንደ ልማዳችን ሬሳ የሚቃጠልበት እሳት አልነደደም። አንድ ነጭ መኪና መጣ፤ ጓደኞቹ ቀይ ባንዲራቸውን ይዘው፣ መፈክራቸውን እያሰሙ ሸኙት። ባቺተር ሲንግ ነጭ ጢሙን በእጁ እንደጨበጠ መንገድ መሀል ቆሞ ቀረ። መኪናው ከሸንኮራው እርሻ ኋላ ከተሰወረ በኋላም አልተንቀሳቀሰም። ሰው ይዞ ነው ወደ ቤት የመለሰው።

እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች እንዲህ አልነበሩም። ጥምጥም ረጅም ጨርቅ ነው፤ ለብቻ አይታጠፍም። አንዱ አንዱን ጫፍ፣ ሌላው ሌላውን ይይዝና፣ ግቢውን ያህል ተራርቀው እየወጠሩና እየሳቡ ነው የሚያጥፉት። ሰው ያጣ ጫፉን መስኮት ብረት ላይ ያስራል። ባቺተርና ገጅን በልጅነታቸው ሰው አጥተው አያውቁም፤ ጠዋት ጠዋት በዚያ ግቢ ውስጥ እየተሳደቡ፣ እየተሳሳቁ፣ አንዱ ሌላውን በጨርቁ ጎትቶ ሊጥል እየሞከረ ያጥፉ ነበር። ከዚያ ገጅን ለመምህርነት ሊማር ከተማ ሄደና እምነታችን አትንኩት የሚለውን ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ። እናቱ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ አነባች። አባቱ ፊቱን አዞረ። ባቺተር በማግሥቱ የታጠበ ጥምጥሙን ይዞ ወጣና፣ በልማድ አንዱን ጫፍ ወደ ወንድሙ ዘረጋ። ገጅን ሊቀበል እጁን ሰደደ። ባቺተር ጨርቁን መልሶ ሳበና ሄዶ መስኮቱ ብረት ላይ አሰረው። አብረው አርሰዋል፣ አብረው በልተዋል፣ በሠርግ አብረው ጨፍረዋል። የባቺተርን ጥምጥም ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ብረቱ ነው የሚይዘው።

ነሲብ ይህን የሰማችው ከባሏ ነው። ልጅ አልወለዱም፤ ስለዚህ ማታ ማታ የሚያወሩት ብዙ ነበራቸው። እሷም መጀመሪያ እንደ ሰው ሁሉ ሻሽ ለባሽ ነበረች። እምነቱ እያደር ነው የገባባት። አምሪቱን ጠጥታ፣ ያልታጠፈ አዲስ ጥምጥም እንደ ነገሩ ጠምጥማ ወደ ቤት ተመለሰች። ሰውየው ምን ይላል? ማስተር ጋዜጣውን አስቀመጠ። ከላይ እስከ ታች አያት።

«ፈጣሪ የለም ነሲብ» አላት። «ግን ምናልባት ካለ፣ እንዲህ ባለ ጥምጥም ፊቱ አትቀርቢም። ታሳፍሪኛለሽ። አምጪው ወዲህ!»

አጠፋፉንም አስተሳሰሩንም ያስተማራት እሱ ነው፤ ፀጉር የሌለው ሰውዬ። ከዚያን ቀን ወዲህ ገና ጎህ ሳይቀድ እሷ የንጋት ጸሎቷን በቃሏ እያለች፣ እሱ በብርድ እያጉረመረመ፣ ግቢው ላይ ጫፍና ጫፍ ይዘው ይቆማሉ። ጸሎቱን ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ያውቀዋል። እንቅልፍ ሲጫናት፣ «አንድ መስመር ዘለልሽ» ይላታል።

«አሃ! ታምናለህ ማለት ነው!»

«የማባዛት ሰንጠረዥም በቃሌ ነው የማውቀው። ተንበርክኬለት አላውቅም። ሳቢ!»

ቻኖ ይህን በግድግዳው ላይ አሻግራ እያየች ለመንደሩ ሁሉ ታወራ ነበር። ወንዱ ያሾፍ ነበር፤ «የማስተር ሚስት ጥምጥም ታስራለች፣ ማስተር ጫፉን ይይዛል» እያለ። ማስተር ሲሰማ ደረቱን ነፍቶ፣ «ታዲያስ! የእናንተ ሚስቶች እንዲህ ያምርባቸዋል?» ይላል። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ለቅሶ ቤት የሚነበበው የእምነታችን ቅዱስ መጽሐፍ በሚያልቅበት ቀን ዋዜማ ባቺተር ሲንግ ነሲብን ከከብቶቹ በረት ኋላ፣ የገለባ መቁረጫው አጠገብ ጠራት። ሽማግሌው በጥቂት ቀን ውስጥ ጎብጧል።

«ነሲብ፣ አመዱን ከለከልሽኝ።»

«እኔ አይደለሁም ባይጂ» አለች፣ ታላቅ ወንድምነቱን አክብራ፤ «የእሱ ቃል ነው።»

«የማንም ይሁን። የአባቴን አመድ ኪራትፑር ወንዝ ድረስ ይዤ ሄጃለሁ። የእናቴንም። ታናሼን ግን የሐኪም ተማሪ ይቆራርጠዋል። እሺ፣ ዋጥኩት። አሁን አንዲት ነገር ልለምንሽ ነው። ነገ ድምፅ ማጉያውን እይዝና፣ ወንድሜ ዋሄጉሩ ብሎ ነው የሞተው እላለሁ። አንቺ ምንም አትናገሪ።»

«ባይጂ...»

«ዋሺ አላልኩሽም! ዝም በይ ነው ያልኩሽ። ዝምታ ምን ይከብዳል?»

«ለምንድን ነው የፈለጉት?»

ባቺተር ሲንግ ገለባውን በእጁ እያፈተለ ቆየ። «እኔም ልሄድ ነው እኮ» አለ በመጨረሻ። «እዚያ ስሄድ ማንን ላገኝ ነው?»

ይህ ሰው ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነበር። ነሲብ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ወደ ምንጣፉ ተመለሰች፤ እሺም እምቢም አላለች።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሚልኪ በብስክሌቱ መጣ። ሚልኪ የማስተር የትግል ጓድ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀይ ሻርፕ አንገቱ ላይ። ከውስጥ ቤት የቅዱስ መጽሐፉ ንባብ ሲሰማ ፊቱ ተቋጠረ።

«ነሲብ እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ንባብ በገጅን ቤት?»

«ለእሱ አይደለም፤ ለራሴ ነው። አንብቢ ያለኝም ራሱ ነው። ድምፅሽን እወደዋለሁ፣ ሐሳቡን ተዪው ብሎኛል።»

ሚልኪ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። «ሽማግሌው ነገ ምን ሊል እንዳሰበ ሰምተናል። እኛም እጃችንን አጣጥፈን አናይም። እስከ መጨረሻዋ ትንፋሹ፣ ፈጣሪ የለም ብሎ ነው የሞተው ብለን እንናገራለን።»

«ብሏል?»

«ሳይል ይቀራል?»

«አንተ ነበርክ እዚያ?»

ሚልኪ ጆሮውን አከከ። «ገጅንን እናውቀዋለን እኮ» አለ።

«ታውቁታላችሁ» አለች። «ሻይ ጠጣና ሂድ።»

ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ነገሩን አወጣች አወረደች። ዝም ብትል ሽማግሌው ያርፋል። መንደሩም፣ «በመጨረሻ ተመለሰ» ብሎ ማስተርን ይቅር ይለዋል፤ ስሙ በጉርድዋራው ይነሣል። ዝም ማለት ብቻ። ግን ይቅር የሚባለው የትኛው ገጅን ነው? ያ ሰው እኮ እሷ ያገባችው አይደለም።

ክፉው ዘመን ትዝ አላት። በእምነታችን ስም ጠመንጃ ያነገቡ ልጆች በየመንደሩ ይዞሩ በነበረበት ጊዜ አንድ ምሽት መጡና፣ ማስተር ፀጉሩን እንዲያሳድግ፣ አፉንም እንዲዘጋ፣ አለዚያ እንደሚያዩት ተናገሩ። ነሲብ በሩ ላይ ቆመች፤ ጥምጥሟ እንደ ጠዋቱ ልክ ልኩን ይዞ። «የእምነት አባታችን ጉሩ በዴልሂ አንገቱን ለሰይፍ የሰጠው ለማን ነው?» አለቻቸው። «ለራሱ እምነት ነው? እሱ የማያስረውን ክር ለሚያስሩ፣ እሱ የማይቀባውን ግንባራቸው ላይ ለሚቀቡ የሌላ እምነት ሰዎች አይደለም? እኔ የእሱ ልጅ ነኝ። የባሌን ጭንቅላት የፈለገ በእኔ ላይ ይለፍ።» ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ እግሯን ነካና ሄዱ። በኋላ ደግሞ ፖሊስ ጥምጥም ያሰረውን ሁሉ በሚያስርበት ጊዜ፣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር፣ «መጀመሪያ እኔን ፈትሹ!» እያለ ከፊቷ የሚቆመው ማስተር ነበር። እንዲህ ነው የኖሩት። አንዳቸው ሌላቸውን ለመለወጥ ያልሞከሩ እንዳይመስላችሁ፤ በየቀኑ ነው የሚከራከሩት። ግን አንዳቸውም በውሸት አላሸነፉም።

በማግሥቱ ግቢው ውስጥ ዳስ ተጣለ። ቅዱስ መጽሐፉ በክብር ቦታው ላይ ሆኖ፣ የመጨረሻዎቹን ገጾች ነሲብ ራሷ አነበበች፤ ድምፅዋ አንድ ጊዜም አልተሰበረም። ሰው ሞልቷል። በአንድ በኩል የጉርድዋራው ሰዎች፣ በሌላ በኩል እነ ሚልኪ፣ ባዶ ራሳቸው ላይ መሀረብ ጣል አድርገው። የማስተር አሮጌ ተማሪዎች ከኋላ ቆመዋል። ባቺተር ሲንግ ተነሥቶ ድምፅ ማጉያውን ያዘ።

«ወንድሜ...» አለ። «ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ከእኔ ጋር ተከራክሯል። ግን በመጨረሻዋ ሰዓት...»

ወደ ነሲብ አየ። ዓይኑ ይለምናል።

ነሲብ ተነሣች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ባይጂ» አለች፤ ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋትም። «በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ነበርን። አንዱ ሞቷል። የቀረሁት እኔ ነኝና እኔ ልናገር።»

ባቺተር ማጉያውን ዝቅ አደረገ።

«ያን ዕለት ጥምጥሜ ታጥቦ ነበር። እሱ መቆም አቅቶታል፤ ስለዚህ ጫፉን መስኮቱ ብረት ላይ ላስር ሄድኩ። ተቆጣኝ። እኔ እያለሁ ብረት? አምጪ ወዲህ! አለኝ። ጠፍር አልጋው ላይ እንደተኛ ጫፉን ያዘልኝ። እኔ ጸሎቴን እያልኩ ማጠፍ ጀመርኩ። መሀል ላይ፣ ረግቧል፣ ሳቢ አለኝ። ሳብኩ። ጨርቁ ከእጁ ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። በቃ፤ ይኸው ነው። ዋሄጉሩ አላለም። የለምም አላለም። ረግቧል፣ ሳቢ ነው ያለው።»

እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። በመጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን ነካች። «ይሄ እሱ የያዘልኝ ነው። ይሄ ደግሞ ያልደረስንበት። እንዲሁ ነው አንሥቼ ያሰርኩት። ለመፍታት እጄ እምቢ አለኝ። ደንቡን ጥሻለሁ፤ ይቅር በሉኝ።»

ቻኖ «ውይ እኔን! ውይ እኔን ይድፋኝ!» ብላ ጮኸችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሴቶቹ ሁሉ ተከተሏት።

«ባሌ አያምንም ነበር» አለች ነሲብ። «ሳያምን ኖረ፣ ሳያምን ሞተ። እኔ አምናለሁ፤ እያመንኩ እሞታለሁ። ሐቅ ልናገር ብዬ ነው አምሪት የጠጣሁት። ታዲያ ባሌን የሐሰት እምነት አልብሼ ብልከው እምነቴ የት አለ? ሰው ሳያታልል፣ ልጅ አስተምሮ፣ ሬሳውን እንኳን ሰጥቶ ሄዷል። ከዚህ በላይ አማላጅ አያስፈልገውም። በእሱ ኮርቼ ኖሬያለሁ፤ ዛሬም ኮርቼ ነው የቆምኩት።»

ሚልኪ አልቻለም። ዘሎ ተነሣና ጡጫውን ወደ ላይ ወረወረ። «ጓድ ገጅን...»

«ሚልኪ!» አለች ነሲብ። «መሀረብህ ወድቋል። ቅዱስ መጽሐፉ ፊት ነህ፤ ራስህን ሸፍን።»

ሚልኪ ጡጫውን አወረደ። ጎንበስ ብሎ መሀረቡን ፈልጎ ራሱ ላይ አደረገና ተቀመጠ። ከኋላ ከማስተር ተማሪዎች አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲዞር ሰማነው። ባቺተር ሲንግ ግን ማጉያውን መሬት ላይ አስቀምጦ በሰው መሀል ወጣ። ከንባቡ በኋላ የሚታደለውን በቅቤ የተሠራ ጣፋጭ አልቀመሰም። ቂጣም ክክም አልበላም። በትሩን መሬት ላይ እየመታ ወደ ቤቱ ሲሄድ አየነው፤ ማንም ሊከተለው አልደፈረም።

ያን ማታ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነሲብ ጥምጥሙን ፈታች። ቀስ ብላ ነው የፈታችው። ለብ ባለ ውሃ አጠበችው፣ ጨመቀችው፣ ምድጃው አጠገብ ሰቀለችው።

በማግሥቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ግቢው ጉም ነበር። ፀጉሯን አበጥራ፣ ጠቅልላ፣ ጨርቁን በክንዷ ላይ ይዛ ወጣች። ሄዳ መስኮቱ ብረት ፊት ቆመች። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። ጫፉን ልታስር ስትል የውጪው በር ሲጥ አለ።

ባቺተር ሲንግ ነው። ጫማው ጭቃ ብቻ ሆኗል።

«ተቆጥተዋል ባይጂ?» አለችው።

«ተቆጥቻለሁ።» በትሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ጨርቁን አየ፣ ብረቱን አየ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። «አምጪ ወዲህ።»

ሰጠችው። ሽማግሌው ጫፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ ጉሙ ግማሹን እስኪሸፍነው ራቀ። ነሲብ ጸሎቷን ጀመረች። ጨርቁ መሀሉ ላይ ቀስ በቀስ ወደ መሬት ወረደ። በሌላኛው ጫፍ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታያታል።

ጸሎቷን አቋረጠች።

«ረግቧል ባይጂ» አለችው። «ይሳቡ።»

ሳበ።